ጠፍቶ የማይጠፋ መብራት

እናቴ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል፣ አባቴ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ቤቱን እንደሚጠብቅ ታምን ነበር። ማስረጃዋ አምፖል ነው። ከመተኛቷ በፊት ማጥፊያውን ቀጭ ታደርጋለች፤ መብራቱ ይጠፋል። ዐይኗ ጨለማውን ሲለምድ ግን አምፖሉ ጨርሶ አለመጥፋቱን ታያለች። ደመና የሸፈናት ጨረቃ ያህል፣ ነጣ ያለ ደብዛዛ ብርሃን ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ያድራል። በበጋ ይፈዛል፤ በክረምት ይደምቃል። «አባትህ ዝናብ ሲሆን አያስችለውም፤ ቆርቆሮው ያፈስ ይሆን እያለ ነው የሚመጣው» ትለኝ ነበር። በሕይወት ሳለም ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ የሚያድር ሰው ነበርና ነገሩ ከጠባዩ ጋር ገጠመላት።

እኔም አልተከራከርኳትም። መቼስ የሐዘንተኛን መጽናኛ መንጠቅ ደግ አይደለም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ዝምታዬ ሌላ ሥር ነበረው። ያ አምፖል ለምን እንደማይጠፋ በደንብ ባላውቅም፣ መንገዱን ብከተለው ወዴት እንደሚያደርሰኝ እጠረጥር ነበር። የቤቱን መብራት የዘረጋሁት እኔ ነኛ!

ነገሩ ወዲህ ነው።

ቤታችን እንፍራንዝ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐሙሲትን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝን ሳያይ አያልፍም። በዚያው መንገድ፣ ኮረብታ ላይ ጉዛራ የሚባለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ቆሞ የጣናን ሜዳ ቁልቁል ይመለከታል። በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፤ የጎንደር ግንቦች ገና ሳይታሰቡ ማለት ነው። ልጆች ሳለን እዚያ ወጥተን ስንጫወት፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ቤት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲቆም የእኛ የጭቃ ቤት በየክረምቱ ካልተመረገ ለምን እንደማይከርም እንጠያየቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ የቤት ጥንካሬ ያለው በማይታየው ላይ ነው።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር፤ በሚዛን ኖሮ በሚዛን ያለፈ። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ከመንገዱ ገባ ብሎ አዲስ ቤት ሲያሠራ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ለክረምት ዕረፍት መጥቼ ነበርና የመብራቱን ነገር ለእኔ ተወልኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እየዞርኩ ሁለት ሦስት ቤት ሲዘረጋ አይቼ ስለነበር ራሴን እንደ ባለሙያ ቆጥሬያለሁ። አባቴ ከሰው ጠይቆ ኖሮ፣ «ሽቦው ሦስት ነው አሉ። አንዱ መሬት የሚይዝ ነው» አለና ለሦስት ሽቦ የሚሆን ብር ቆጥሮ ሰጠኝ።

ባሕር ዳር ወርጄ የገዛሁት ግን ሁለት ነበር። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ ጥቁር ጥቅልል፤ ነጋዴው «ይህን ከወሰድክ እቀንስልሃለሁ» ስላለኝ ነው። ሦስተኛው ሽቦ ምን ይሠራል? ብርሃን አይሰጥ፣ ሬዲዮ አያናግር፣ ምጣድ አያሞቅ። በደህናው ቀን ሁሉ ምንም ሳይሠራ የሚቀመጥ ሽቦ ነው። በተረፈው ብር ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ላይ ያገለገሉ መጻሕፍትና አሮጌ መጽሔቶች ገዛሁ። ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ የምጽፈው፣ በከፊል ያን ጊዜ ባነበብኩት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤቱ በራ። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማብሪያውን ቀጭ እያደረገ «ልጄ ነው የዘረጋው» ይላል። እኔም እኮራለሁ። የድሮዎቹ ክብ አምፖሎች ሲበሩ በርተው፣ ሲጠፉ ጠፍተው፣ ስድስት ዓመት ያለ አንዳች ነገር አለፈ።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ታሞ ዐረፈ። ለአርባው ከባሕር ዳር ስመጣ፣ ተዝካሩ ላይ ቤቱ ደመቅ እንዲል፣ ቆጣሪውም እንዳይሮጥ ብዬ ኤልኢዲ የሚባሉትን አዲስ አምፖሎች ይዤ መጣሁና ሁሉንም በእጄ ቀየርኳቸው። ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ሌሊት መብራቱን አጥፍተን ስንጋደም እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አየኸው?» አለችኝ። አየሁት። ያ ደብዛዛ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በአባቴ አርባ ሌሊት ነበር። ታዲያ በዚህ ላይ ምን ይባላል?

* * *

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ባሕር ዳር ከጣና ዳር ተቀምጬ ስለ ግድቦችና ስለ ሜጋ ዋት የሚያትት ጽሑፍ እያረምኩ ነበር። የደወለችው እናቴ ናት፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። የጎረቤት ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን፣ ኮረንቲ ይዟት ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ እናቴ ያጠበችውን ነጠላ ልታሰጣ ስትወጣ ልጅቱ ልታግዛት ትከተላታለች። የልብስ መስጫችን ሽቦ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከአጥሩ ምሰሶ፣ ሌላው ከቆርቆሮው ጠርዝ በምስማር ታስሯል። ልጅቱ በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ፣ እርጥብ ልብስ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሽቦውን ጎተት ስታደርግ ተጣብቃ ቀረች። መጮኽ እንኳ አልቻለችም። እናቴ «እባብ የነደፋት መሰለኝ» ትላለች። አምላክ ሲረዳት በር ላይ የቆመውን የእንጨት ዘነዘና አንሥታ ሽቦውን መታችው። ሽቦው ከምስማሩ ተላቀቀ፤ ልጅቱ ወደቀች። ዘነዘናው ደረቅ እንጨት ባይሆን፣ ወይም እናቴ እንደማንኛውም እናት በእጇ ጎትታት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ቀን ከሠፈራችን ሁለት ሬሳ ይወጣ ነበር።

ልጅቱ ተረፈች። መዳፏ ላይ ሽቦው የሳለው ጠባሳ ብቻ ቀረ። እኔ ግን በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ፣ የፎገራ ሜዳ በውሃ ተሞልቶ ሐይቅ መስሎ ሳለ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን አላየሁም። የማየው ያንን ጥቁር ጥቅልል ሽቦ ነበር።

እዚያው ሠፈር አንድ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምሰሶ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው በጡረታ የተገለሉ የመብራት ሠራተኛ። ሄጄ ለመንኳቸውና ካቻቢቴ የመሰለች ቴስተራቸውን ሸሚዝ ኪሳቸው ላይ ሰክተው መጡ። ቤት ከመግባታቸው በፊት ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ብሬከር አላጠፉም። መጀመሪያ ቆርቆሮውን ጠርዙ ላይ በቴስተሯ ጫፍ ነኩት። ትንሿ መብራት ቀላች።

«ጣሪያችሁ ሁሉ ኮረንቲ ነው» አሉ፤ እንደ ተራ ወሬ።

ከዚያ ብሬከሩን አጥፍተው መሰላል አስደግፈው ወጡ። ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ወደ ቤት የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ነው። ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ መግባት ሲገባው እኔ እንዲያው በምስማር ይዤ አሳልፌዋለሁ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮው ሽቦውን እንደ መጋዝ ሲፈትግ ስምንት ዓመት ኖሯል። ልባሱ ተልጦ መዳቡ ብረቱን ነክቷል። ጣሪያው በደረቅ እንጨት ላይ የተቀመጠ በመሆኑ በበጋ ኮረንቲው መሄጃ አጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ክረምት ሲገባ ግን እንጨቱም ጭቃውም ይርሳል፤ የሚነካውም ሰው እግሩ ይርሳል። ያኔ መንገድ ያገኛል።

እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔማ ነጠላ ሳሰጣ ክንዴን ይነዝረኝ ነበር፤ ቁርጥማት ነው ብዬ ዳማከሴ ስታሽ ከረምኩ» አለች። ድመታችንም በክረምት ከአጥሩ ወደ ጣሪያው መዝለል ከተወች መሰንበቷን ያን ጊዜ አስታወስን። ለካ ድመቷ ከሁላችን ቀድማ ተረድታዋለች።

* * *

ከዚያ አዛውንቱ ወደ ውስጥ ገቡ። የጓዳውን ማጥፊያ ፈቱ፤ የሳሎኑን ፈቱ፤ ብሬከሩን መልሰው አብርተው በቴስተራቸው አንድ በአንድ ነካኩ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ማነው የዘረጋው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«የት ተማርክ?»

«ከጓደኛዬ ላይ አይቼ ነው።»

«ጓደኛህስ?»

መልስ አልነበረኝም። አዛውንቱ ግን አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አስረዱኝ። እኔም ለአንባቢ እንደሚመች አድርጌ ላቅርበው።

ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ ሁለት ጎዳና አለው። አንዱ መሄጃ ነው፤ ባለሙያዎች ፌዝ ይሉታል፤ የሚነዝረው እሱ ነው። ሌላው መመለሻ ነው፤ ኒውትራል ይባላል። ኮረንቲው በፌዝ መጥቶ፣ አምፖሉን አብርቶ፣ በኒውትራል ይመለሳል። ማብሪያ ማጥፊያው መቀመጥ ያለበት በመሄጃው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ስታጠፋ አምፖሉ ከኮረንቲው ፈጽሞ ይቆረጣል። በመመለሻው ላይ ብታስቀምጠውም አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ለዐይን ልዩነት የለውም። ግን ኮረንቲው አምፖሉ መያዣ ድረስ መጥቶ መመለሻ ስላጣ ብቻ ነው የቆመው። «አንተ» አሉኝ አዛውንቱ፣ «በሩን የዘጋኸው ጅቡን ውስጥ አስቀርተህ ነው።»

ሁለቱም ሽቦዎች ጥቁር ነበሩ። ፌዙ ቀይ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትኩ። ጥቂት ብር የቀነሰልኝ ነጋዴ የቀነሰልኝ ዐይኔን ነበር።

ታዲያ አምፖሉ ጠፍቶ ለምን ያበራል? ከማጥፊያው እስከ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ በረጠበው ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ኮረንቲው በሽቦው መመለስ ሲከለከል፣ ከአምፖሉ አልፎ በግድግዳው እርጥበት በኩል ጠብ ጠብ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጎን ለጎን ከተዘረጉት ሽቦዎችም ጥቂት ይሻገራል። ያ ጠብታ እጅግ ትንሽ ነው። የድሮውን ክብ አምፖል፣ ክሩ ግሎ ካልሆነ የማይበራውን፣ ምንም አያደርገውም። ኤልኢዲ ግን ቆጣቢ ነው፤ የሚሊ አምፔር ክፋይም ያሳየዋል። ክረምት ሲሆን ግድግዳው ይርሳል፣ ጠብታው ይጨምራል፣ አምፖሉ ይደምቃል። አባቴ ዝናብ ሲመጣ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

አዛውንቱ አንድ ነገር አከሉ። በትክክል በተዘረጋ ቤትም ቢሆን ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ተያይዘው ከሄዱ፣ ጠፍቶ ጭል ጭል የሚል አምፖል ሊያጋጥም ይችላል፤ ሁሉም የአደጋ ምልክት አይደለም። «ግን በግምት አይተውም፤ ይለካል» አሉ።

ይህን ስሰማ ልቤን የነካው ነገር፣ አዲሱ አምፖል ጥፋት ይዞ አለመምጣቱ ነው። ጥፋቱ ከ2003 ጀምሮ እዚያው ነበር። ድሮ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር አባቴ «ጠፍቷል» ብሎ ወንበር ላይ ቆሞ ሲቀይር ጣቱ ከ220 ቮልት የምትርቀው በአንድ ስንዝር ነበር። የድሮው አምፖል ጥፋቴን ሸፍኖልኝ ኖረ፤ አዲሱ ሌሊት ሌሊት ይነግረን ጀመር። እኛ ግን ነገሩን እንደ ራእይ አየነው።

* * *

ስለ ኤሌክትሪክ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ትልቅ ትልቁን ነው። እኔም ያን ሰሞን ሳርመው የነበረው ጽሑፍ እንዲያ ያለ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው አምፖል፤ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና የባሕር ዳርን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያንቀሳቀሰው የጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ማመንጫ፣ 11.4 ሜጋ ዋት፤ በ1993 የተከተለው ቁጥር 2፣ 73 ሜጋ ዋት፤ በ2002 የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ አሻግሮ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ። ከዚያም ወዲህ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው፤ መቁጠሩም ደግ ነው። ግን ይህ ሁሉ ኃይል፣ ተራራ ሰንጥቆና ወንዝ ገድቦ መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው እንደ እኔ ያለ ጎረምሳ በምስማር በያዘው ሽቦ ነው። ማመንጫውን መሐንዲስ ይሠራዋል፤ የመጨረሻዋን ክንድ ሽቦ ግን ማን ይሠራታል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የቤቶች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ እንዴት መሆን እንዳለበት የሚደነግግ የኢትዮጵያ የሕንፃ ሕግ ደረጃ፣ ቁጥር 10 የሚባለው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እኔ ሽቦውን ስዘረጋ ሕጉ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ጎልማሳ ነበር፤ መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

ስንቱ ኮረንቲ ሰው ይገድላል? ይህን ጥያቄ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዳልዚል የሚባል ፕሮፌሰር ባለፈው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ በፈቃደኞች እየሞከረ መርምሮታል። ሰው የያዘውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ሲደርስ ነው ብሎ ለክቶ፣ ለወንዶች በአማካይ 16 ሚሊ አምፔር ገደማ፣ ለሴቶች ከ10 ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በላይ ጡንቻ ይኮማተራል፤ እጅ ሽቦውን የሚጨብጠው ሳይወድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይበቃታል። አንድ ሚሊ አምፔር የአምፔር አንድ ሺኛ ነው። አንድ ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል በ220 ቮልት 180 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል። እንግዲህ አንባቢ ያስሉት፤ አንዲትን ትንሽ አምፖል የሚያበራው ኮረንቲ አንድን ጎልማሳ ሽቦ ላይ አጣብቆ ከሚያስቀረው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ደረቅ ቆዳ ይከላከልልናል፤ እርጥብ ቆዳ ግን በሩን ከፍቶ ያስገባል።

«ብሬከር አለኝ» የሚል አይታለል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ከመቃጠል እንጂ ሰውን ከመሞት አይደለም። ባለ 10 አምፔር ብሬከር 10 ሺህ ሚሊ አምፔር እስኪያልፍ ዝም ይላል። መሬት የሚይዘው ሽቦም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አዛውንቱ በእጃቸው ጣት አሰሉልኝ፦ መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ 50 ኦም ቢቋቋም፣ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ አይነቃነቅም። ለዚህ ነው ሌላ ጠባቂ ያስፈለገው። በሄደውና በተመለሰው መካከል ልዩነት ሲያይ፣ 30 ሚሊ አምፔር ያህል እንኳ ወደ ሌላ ቦታ ሲፈስ፣ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ አለ። አርሲዲ ይሉታል። ኦስትሪያዊው ጎትፍሪድ ቢገልማየር በዚህ መሣሪያ ላይ ሲሠራ ኮረንቲውን በገዛ ገላው ላይ ሞክሯል። የእህል ነጋዴ ቢያየው ይወደው ነበር፤ ሥራው ሚዛን ነውና። የወጣውንና የገባውን ይመዝናል፤ ካልተካከለ ይዘጋል።

* * *

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አዛውንቱ እያዘዙ እኔ ሠራሁ። ከምሰሶው የሚመጣውን ሽቦ ቀይረን በቱቦ አስገባነው። ስካቶላዎቹን ከፍተን፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ በቴስተር ለይተን፣ ፌዙ ላይ ቀይ ናስትሮ እየጠቀለልን ማጥፊያዎቹን ሁሉ ወደ ፌዝ አዛወርን። ሦስተኛውን ሽቦ፣ አረንጓዴና ቢጫውን፣ ወደ ሶኬቶቹና ወደ ምጣዱ ዘረጋን። ሁለተኛ ክረምት እንዳይደገም የልብስ መስጫውን በናይለን ገመድ ተካነው።

ዘንጉን የቀበርነው ከጓዳው ጀርባ፣ ዕቃ የሚታጠብበት ውሃ በሚፈስበት ነው። መዳብ የለበሰ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ዘንግ። ድንጋይ አስቸገረን፤ ሦስት ቦታ ሞክረን በሦስተኛው ገባ። ጨውና የከሰል ድቃቂ ዙሪያውን ጠቀጠቅንበት። «መሬት ኮረንቲን የምትቀበለው እርጥብ ስትሆን ነው» አሉ አዛውንቱ። «በበጋ ስትደርቅ ታኮርፋለች። ውሃ አይለያት።» አንዳንድ ሰው ይህን ሽቦ ከቧንቧ ጋር አስሮ ጨረስኩ ይላል፤ ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ያሰረው ከምንም ጋር ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ እናቴ እንደ ልማዷ ማጥፊያውን ቀጭ አደረገች። ቤቱ ጨለመ። በእውነት ጨለመ። ዐይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅን፤ አምፖሉ የለም። እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ የምትለውን እጠብቃለሁ። አዛውንቱ ስለ ግድግዳው እርጥበት ሲያስረዱ ሰምታለች፤ ግን መስማትና መቀበል ይለያያሉ።

«እኔ'ኮ ከዓርብ ጀምሮ ተውኩት» አለች በጨለማው ውስጥ።

«ምኑን?»

«አባትህ ነው ማለቱን። አባትህ ቢሆን ኖሮ ልጅ አይመታም ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የስምንት ዓመቱን ነገር ያወጣሁት። መልኳ ስለማይታየኝ ድፍረት አገኘሁ። የሦስተኛውን ሽቦ ብር መጽሐፍ እንደገዛሁበት፣ ሽቦውንም አንድ ቀለም የወሰድኩት ለርካሽነቱ እንደሆነ፣ አባቴ ሳያውቅ መሞቱ እንደሚያሳርረኝ ነገርኳት። ረዥም ጊዜ ዝም አለች። የተኛች መሰለኝ።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ከባሕር ዳር የመጣህ ቀን ጥቅልሉን አንሥቶ፣ ይህ ነገር ቀለለኝ ብሎኝ ነበር። ሚዛን የለመደ እጅ አይደል? ከዚያ መጽሐፎችህን ሲያይ ጊዜ፣ ተይው፣ አንባቢ ልጅ ነው፣ ሲያልፍለት ያሟላዋል አለ። እኔም ረሳሁት።»

አንባቢዬ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። አባቴ ቀለለኝ ብሎ ዝም አለ፤ ልጁን ላለማሳፈር። እናቴ ክንዷን ሲነዝራት ዝም አለች፤ ሐኪም ላለማስቸገር። እኔ አምፖሉን እያየሁ ዝም አልኩ፤ መጽናኛዋን ላለመንጠቅ፣ ጥፋቴንም ላለመስማት። ሦስታችንም በፍቅር ዝም ያልን ይመስለናል። ዝምታችን ግን የተጠራቀመው ቆርቆሮው ላይ ነበር፤ ዕዳውንም ልትከፍል የነበረችው ስለ ሽቦውም ስለ ብሩም የማታውቅ የጎረቤት ሕፃን ናት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ መብራት አጥፍተው ሲጋደሙ ቀና ብለው ይመልከቱ። አምፖልዎ ጭል ጭል የሚል ከሆነ፣ ምጣዱ በእርጥብ እጅ ሲነካ ነዘር የሚያደርግ ከሆነ፣ የበሩ ብረት በክረምት ጣት የሚቆነጥጥ ከሆነ፣ ለቁርጥማትም ለመንፈስም አይስጡት። ሙያው ያለውን ሰው ይጥሩ። «ማነው የዘረጋው?» ብሎ ሲጠይቅዎም አይፈሩ፤ ይንገሩት።

እናቴ ከዚያ ወዲህ በጋ በገባ ቁጥር፣ ቅዳሜ ማታ ማታ፣ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ከጓዳው ጀርባ ወስዳ ዘንጉ ላይ ታፈሳለች። አንድ ቀን ጎረቤት፣ የዚያች የልጅቱ እናት፣ በአጥሩ በላይ አይታት «ምን ተክለሽ ነው የምታጠጪው?» ብትላት፣

«ባለቤቴ ከፍሎበት የነበረ ሽቦ ነው» አለቻት፤ ባልዲዋን ደፍታ ገባች።